መዝገቡ ሰው እንዲያገኝልን፦ ለማናችንም የሚሆን መፈለጊያ ገጽ እንዴት ይሠራል?

በእሁዱ የኮምፒውተር ትምህርታችን እስካሁን ያየነው መረጃ እንዴት እንደሚገባ ነበር። ሠንጠረዥ ሠርተን ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ የመጣችበት ዓመት እያልን ዓምድ በዓምድ ሞልተናል። የዛሬው ደግሞ የገባውን ስለ ማውጣት ነው። የመረጃ ቋት ሲባል እኔ ትዝ የሚለኝ የወፍጮ ቤቱ ቋት ነው። ዱቄቱ ሞልቶ ሳለ መቅዳት የሚችለው ወፍጮኛው ብቻ ከሆነ፣ እሱ በሌለበት ቀን የመጣ ሰው ጆንያውን እንደያዘ ይመለሳል።

ትምህርቱን የጻፍኩት ኮምፒውተር ለሚማሩት ብቻ አይደለም። እሁድ እሁድ ተረኛ ሆናችሁ ስልክ የምታነሱ፣ ማውስ ጨብጣችሁ የማታውቁትም አንብቡት፤ ገጹ የሚሠራው ለእናንተ ነውና። ደግሞስ በመዝገቡ ውስጥ ያለነው እኛው አይደለን? አንድ ቀን የምትፈለገው እኔ ወይም አንቺ ነን።

እስቲ ስልክ ሲደወል የምንጠየቀውን እናስታውስ። ደዋይዋ አገር ቤት ያለች እናት ልትሆን ትችላለች፣ ወይም ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ሐበሻ ተኝታ ያየች እህት። የምትለው ይኸን ይመስላል፦ «ሰናይት የምትባል ልጅ ታውቃላችሁ? ሳይዳ ነው መሰለኝ ያለችው። የደሴ ልጅ ናት። ከፍንዳታው በኋላ ነው የመጣችው።» በቃ፣ ያላት ይኸው ነው። ኮምፒውተሩ ግን በተለመደው አሠራር የሚጠይቃት ሙሉ ስም በፓስፖርቱ አጻጻፍ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የገባችበት ቀን በቀን፣ በወርና በዓመት ነው። የምታውቀውን አይጠይቃትም፤ የሚጠይቃትን አታውቅም። ይህን ክፍተት መሙላት ያለበት ገጹን የሚሠራው ሰው ነው እላለሁ። ጠያቂዋ የምትችለውን ይዛ መጥታለች።

ነገሩ እኛ ብቻ ያገኘን ችግር እንዳይመስላችሁ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።) መረጃን በሠንጠረዥ፣ በረድፍና በዓምድ አድርጎ የማስቀመጡን ሐሳብ በ1970 ያቀረበው ኤድጋር ኮድ የሚባል የአይ ቢ ኤም ኩባንያ ተመራማሪ ነው። በ1974 የዚያው ኩባንያ ባልደረቦች ዶን ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ሠንጠረዡ የሚጠየቅበትን ቋንቋ አወጡ፤ ዛሬ ኤስ ኪው ኤል የሚባለው እሱ ነው። የሚገርመው፣ ቋንቋውን ያሰቡት ለኮምፒውተር ባለሙያ አልነበረም። የሒሳብ ሠራተኞች፣ መሐንዲሶችና የከተማ ፕላን አውጪዎች ራሳቸው ጽፈው እንዲጠይቁበት ነበር። ግን የባለሙያ ቋንቋ ሆኖ ቀረ፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትጎድል እንቢ ይላል። በ1975 ሞሼ ዝሉፍ የሚባል ሌላ የአይ ቢ ኤም ሰው የተሻለ መንገድ አሳየ። ባዶ ሠንጠረዥ ፊትሽ ይቀመጣል፣ በምትፈልጊው ዓምድ ሥር ምሳሌውን ትጽፊያለሽ፤ «ሰፈር» በሚለው ሥር «ሐምራ» ካልሽ የሐምራዎቹ ይወጣሉ። እኛ የምንማርበት አክሰስ በ1992 ሲወጣ የያዘው የመጠይቅ ሰንጠረዥ የዚህ ሐሳብ ዘር ነው።

እሱም ቢሆን ለተረኛዋ እህት አልቀለለም። የዓምዶቹን ስም ማወቅ አለባት፣ የኮከብ ምልክቱን የት እንደምታስገባ ማወቅ አለባት። ስለዚህ እኛ ከፊት ሌላ ገጽ እናስቀምጣለን። መጠይቁ ከኋላ ይሠራል፣ እሷ የምታየው በአማርኛ የተጻፈ ጥያቄና ባዶ ሳጥን ብቻ ነው። አክሰስ የሌላት በነጻ በሚገኘው ሊብረ ኦፊስ ቤዝ ይህንኑ ልትሠራ ትችላለች።

ስም

ከሁሉ በላይ የምንቆየው እዚህ ላይ ነው፤ ከምንጠየቀው የሚበዛው በስም ነውና።

ጸሐይ የሚለውን ስም ውሰዱ። «ጸ» በሁለት ፊደል ይጻፋል፣ ጸ እና ፀ። «ሐ» ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ተብሎ በስድስት። ስታባዙት ይህች አንዲት ስም 12 ዓይነት አጻጻፍ አላት። ዓለምፀሐይ ብትሆን ደግሞ መነሻው አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓ ስለሚሆን በ4 ይባዛል፤ 48 ነው። ትዕግስት እንኳን 4 አላት። እኛ ስናነባቸው ሁሉም አንድ ናቸው፤ ማንም «ፀ የጻፍሽው ሌላ ሴት ናት» አይልም። ለኮምፒውተሩ ግን 12ቱም የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው።

ይህ ምን እንደሚያደርግ በ2024 አይተናል። በመስከረም ማብቂያ በደቡብና በዳሕየ የቦምብ ድብደባው ሲበረታ ብዙ እህቶቻችን አሠሪዎቻቸው ሄደው ቤት ተዘግቶባቸው፣ ወይም መንገድ ላይ ቀርተው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የክፍላችን ስልክ ቀንም ሌሊትም ይጮኽ ነበር። አንዲት እናት ከወሎ ደወሉ። ተረኛዋ እህት «ሰናይት» ብላ ጻፈች፤ ገጹ «መረጃ የለም» አለ። እሷም ያየችውን ነው የተናገረችው፦ «እማማ፣ እኛ ጋ የለችም።» ልጅቷ ግን ነበረች። በመዝገቡ ላይ የተጻፈችው «ሠናይት» ተብላ ነው። በማግስቱ አንዲት ነባር እህት በድሮው የወረቀት ደብተር ላይ አገኘቻትና ከእናቷ ጋር አገናኘቻት። ልጅቷ በሕይወት ነበረች፣ ተመስገን። እናትየው ግን ያንን ሌሊት እንዴት እንዳደሩት እሳቸው ያውቁታል። ያን ገጽ በነጻ የሠራልን በጎ ፈቃደኛ ሙያውን የሚያውቅ ጨዋ ሰው ነበር። አማርኛ ስለማያነብ ብቻ ሁለቱ «ሰ» ወንድማማቾች መሆናቸውን የሚነግረው አልነበረም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ስሟን እሷ በምትጽፈው ፊደል እንመዘግባለን፤ ይህን አንነካም፣ ስሟ ነውና። ከጎኑ ግን ማንም የማያየው ሁለተኛ ዓምድ እናስቀምጣለን። በእሱ ውስጥ አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ፊደሎች ወደ አንድ ይመለሳሉ፦ የሐና የኀ ዘር በሙሉ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከካዕብ እስከ ሳብዕ ያሉትም በየመልካቸው እንደዚያው። ራብዖቹ ሃ፣ ሓ፣ ኃ ወደ ሀ፤ ኣ እና ዓም ወደ አ ይገባሉ። ቆጥሬዋለሁ፣ በጠቅላላ 37 ልውውጥ ነው፤ በአክሰስ «ሪፕሌስ» በሚለው ትእዛዝ በአንድ ምሽት የሚያልቅ ሥራ። ተረኛዋ የምትጽፈውም ስም ከመፈለጉ በፊት በዚያው ወንፊት ያልፋል። ከዚያ በኋላ ሰናይትም ብትል ሠናይት፣ ፀሐይም ብትል ጸሃይ፣ ይገናኛሉ።

በዚያው ወንፊት ክፍተቱንም አጥፉት፤ ወለተ ማርያም እና ወለተማርያም እንዲገናኙ። «ወ/ማርያም» እና «ገ/ሥላሴ» እያልን የምናሳጥረውን ግን በመዝገብ ጊዜ ዘርዝራችሁ ጻፉት። «ወ/» ወልደ ይሁን ወለተ ኮምፒውተሩ ሊገምት አይችልም፤ እኔም አንዳንዴ አልችልም።

ፈረንጆችም የዚህ ዓይነት ችግር ነበረባቸው። ሮበርት ራስል የሚባል አሜሪካዊ በ1918 ሳውንዴክስ የሚባለውን ዘዴ የፈጠራ መብት አስመዝግቧል፤ ተቀራራቢ ድምፅ ላላቸው ፊደሎች አንድ ቁጥር እየሰጠ፣ አጻጻፋቸው የሚለያይ ስሞችን አንድ ቦታ የሚሰበስብ ነው። ብዙ የመረጃ ቋት ፕሮግራሞች ይህን አብሮ የተሠራ አድርገው ይሰጧችኋል። ለእንግሊዝኛ ስም የተሠራ ስለሆነ ለእኛ ፊደል አትመኑት፤ ሐሳቡን ግን ውሰዱት።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደል መቁጠሪያ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ የራሱ ቁጥር ነበረው። በእነዚያ የተጻፉ የቆዩ የስም ዝርዝሮች በስክሪን ላይ አማርኛ ይመስላሉ፤ ፎንቱን ብትቀይሩት ግን የላቲን ፊደልና የነጥብ ክምር ይሆናሉ። እነሱን ሳይቀይሩ ወደ መዝገቡ መገልበጥ ድካም ብቻ ነው፤ ሲፈለጉ አይገኙም። እንደገና መተየቡ ይሻላል።

ደግሞ እዚህ አገር እያንዳንዳችን ስንት ስም አለን? እናታችን ያወጣችልን አለ። ፓስፖርት ላይ በላቲን የተጻፈ አለ፤ ቅድስት በኬ ትጀምር በኪው የጸሐፊው ፈቃድ ነው። ኢቃማ ላይ በዐረብኛ የተጻፈ አለ። ዐረብኛ ጨ እና ጸ የለውም፣ አጫጭር አናባቢዎቹም አብዛኛውን ጊዜ አይጻፉም፤ ስለዚህ ጫልቱ ሆስፒታል ስትገባ «ሻልቱ» ተብላ ልትጠራ ትችላለች፣ ጎን ለጎን ተኝታ የምታውቃት እህት እንኳን ላትለያት ትችላለች። በመጨረሻ ማዳም ያወጣችው አለ፤ ስምሽ ከበዳት ብላ ሚሚ ወይም ማሪያ ያለችሽ። ከሆስፒታል ወይም ከጎረቤት የሚመጣ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በዚህኛው ስም ነው።

ስለዚህ በመዝገቡ አራት የስም ዓምድ ይኑር፦ የራሷ፣ የፓስፖርቱ፣ የኢቃማው፣ የቤቱ መጠሪያ። በመፈለጊያው ገጽ ላይ ግን አንድ ሳጥን ብቻ። ተረኛዋ «ይህ የትኛው ስም ነው?» ብላ መጨነቅ የለባትም። አንዱን ሳጥን ስትሞላ ኮምፒውተሩ አራቱንም፣ የአባትንም ስም ጨምሮ ያስስ። እሱ አይደክመውም። ከሳጥኑ በላይ «ስም አስገቢ» ከማለት «ስሟ ማን ነው? የምታውቂውን ያህል ጻፊ» ማለት ይበልጣል። በመጠይቁ ውስጥ ደግሞ «እኩል ነው» ሳይሆን «በውስጡ አለ» የሚለውን ተጠቀሙ፤ በአክሰስ ከጽሑፉ በፊትም በኋላም የኮከብ ምልክት ማድረግ ማለት ነው። ከስሟ ግማሹን ብቻ የሰማችም ሰው እንድታገኝ።

ሰፈር፣ ቋንቋ፣ እና ባዶ ቦታ

«ዳውራና ቡርጅ ሐሙድ ያሉትን እህቶች አውጪልኝ» ብላችሁ ብታዙኝ ምን ማለታችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሁለቱንም ሰፈር ሰዎች ላወጣ ነው። ኮምፒውተር ግን «እና»ን ቃል በቃል ነው የሚወስደው። በአንድ ጊዜ ዳውራም ቡርጅ ሐሙድም የምትኖር ሴት ይፈልግና አንድም የለም ይላችኋል። ለእሱ በዚህ ቦታ የሚባለው «ወይም» ነው። ይህን ለተረኛዋ ለማስተማር ከመድከም ሁለቱንም ቃላት ከገጹ ማጥፋት ይቀላል። የሰፈሮቹ ስም ከነትንንሽ ሳጥኖቻቸው ይዘርዘሩ፣ እሷ ምልክት ታድርግ። በአንድ ጥያቄ ሥር ያሉ ምልክቶች «ከእነዚህ አንዱ» ማለት ይሁኑ፤ በተለያዩ ጥያቄዎች ያሉት ደግሞ «ሁሉም ይሟላ»። ከላይ ገጹ የገባውን በአማርኛ ዓረፍተ ነገር መልሶ ያንብብላት፦ «የምፈልገው ዳውራ ወይም ቡርጅ ሐሙድ ያለች፣ ኦሮምኛ የምትናገር።» እንደዚያ ከሆነ ስሕተት ቢኖር በዓይኗ ታየዋለች።

ሰፈርን በእጅ አታስጽፉ። ሐምራን አምስት ሰው በአምስት መንገድ ይጽፈዋል። ከዝርዝር ይመረጥ፣ በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ግን «አላውቅም» ይኑር።

ባዶ ቦታ ተንኮለኛ ነው። «ፓስፖርቷ በእጇ ነው?» የሚል ዓምድ አለን እንበል። አገር ለመግባት የሚፈልጉ እህቶች ሲበዙ፣ ፓስፖርታቸው አሠሪ ጋ የቀረባቸውን ለይተን መርዳት እንፈልጋለን። «በእጇ ያልሆነ» ብላችሁ ብትጠይቁ ኮምፒውተሩ የሚያወጣው «አይደለም» ተብሎ የተጻፈባቸውን ብቻ ነው። ቦታው ባዶ የሆነውን፣ ማለትም ማንም ያልጠየቃቸውን እህቶች ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። ሳይነግራችሁ! ስለዚህ ምርጫው ሦስት ይሁን፦ በእጇ ነው፣ በእጇ አይደለም፣ አልተጠየቀችም። ገጹም ከዝርዝሩ በታች «ሌሎች ይህን ያህል እህቶች አልተጠየቁም» ብሎ ቁጥራቸውን ያሳይ።

ዓመተ ምሕረት

የእኛ ዓመት ከፈረንጁ በ7 ወይም በ8 እንደሚያንስ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አዲስ ዓመታችን መስከረም 1 በእነሱ ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ይውላል። አንዲት እህት «በ98 መጣሁ» ካለች 2005 ወይም 2006 ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ የመጣችዋ ደግሞ «በ2006» ስትል የእኛን ማለቷ ይሁን የእነሱን እንጃ። ሁለቱ በአንድ ዓምድ ከተደባለቁ መዝገቡ አለቀለት። ዓመት በሚጻፍበት ቦታ ሁሉ ከጎኑ «የእኛ» እና «የፈረንጅ» የሚሉ ሁለት መምረጫዎች ይኑሩ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ወደ አንዱ ይለውጠው።

ለመፈለግ ግን ከዚህም የሚቀል አለ። እኛ ጊዜን የምናስታውሰው በቁጥር አይደለም፤ በሆነው ነገር ነው። «ከጦርነቱ በፊት»፣ «ወደቡ ሲፈነዳ እዚሁ ነበረች» እንላለን። ይህን ገጹ ላይ አስቀምጡት። «መቼ መጣች?» በሚለው ሥር የሚታዩ ምርጫዎች፦ ከ2006 ጦርነት በፊት (ጦርነቱ የተነሳው ሐምሌ 5 ቀን 1998 በእኛ)፤ ከዚያ በኋላ እስከ ወደቡ ፍንዳታ (ኦገስት 4 ቀን 2020፣ በእኛ ሐምሌ 28 ቀን 2012)፤ ከፍንዳታው በኋላ፤ ከ2024 ጦርነት በኋላ፤ አላውቅም። ከኋላ ቀኖቹን የሚያውቀው ኮምፒውተሩ ነው። ይህን ስንጨምር አንዳንዶች ሳቁ፤ አሁን ከሁሉ በላይ የሚነካው ምርጫ ይኸው ነው።

በልደት ዓመት አትፈልጉ። በፓስፖርቱ ላይ ያለው ዕድሜዋ የእውነቷ ያልሆነ እህት ስንት አለች፤ ይህን ለእናንተ አልነግርም።

«የለችም» የሚለው ቃል

ከገጹ ላይ ይህን ቃል እንድታጠፉት እለምናችኋለሁ። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው እኛ የጻፍንለትን ብቻ ነው። እውነተኛው መልስ «በዚህ አጻጻፍ አላገኘሁም» ነው። ይህንም ብሎ ዝም አይበል፤ ያጠበበውን ራሱ ያላላ። በስም፣ በሰፈርና በዘመን ተፈልጎ ከጠፋ መጀመሪያ ሰፈሩን ይተው፤ ሰው ቤት ይቀይራል። ከዚያ ዘመኑን ይተው። ከዚያ ከስሙ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ብቻ ይያዝ። በየደረጃውም «ሳይዳ ያለች ሰናይት አላገኘሁም። ሌላ ቦታ የተመዘገቡ 3 ሰናይቶች አሉ፤ ላሳይሽ?» ይበል።

ብዙ ሲገኝስ? ትዕግስት ብትሉ መዓት ነው። ስም ብቻ ደርድሮ ማሳየት ለተረኛዋ ሸክም ነው። በእያንዳንዷ ስም አጠገብ የአባት ስም፣ የመጣችበት አገር፣ እና «ማን ያውቃታል» የሚለው ይታይ። ይህ የመጨረሻው የእኔ ውድ ዓምድ ነው። እኛ ሰውን የምናውቀው «የእነ እገሊት ጓደኛ፣ ያቺ ጸጉሯን የተቆረጠችው» ብለን አይደል? ስትመዘገብ ማን ይዟት እንደመጣች ጻፉ። ስልክ ቁጥሯ ቢቀየርም ጓደኛዋ አትጠፋም።

ከስሟ በታች ደግሞ መረጃው የተጻፈበት ቀን በጉልህ ይውጣ። «ሐምራ» የሚለው የዛሬ ነው ወይስ የሦስት ዓመት በፊት? ተረኛዋ ይህን ሳታይ ለቤተሰብ መናገር የለባትም።

ማን ይጠይቃል?

እስካሁን ማግኘትን ስለ ማቅለል ነበር። አሁን ስለ መክበድ እንነጋገር፤ ለሁሉም ሰው የቀለለ መፈለጊያ ለማይገባውም ቀሏልና።

የምንኖረው በከፋላ ሥርዓት ነው። አንዲት እህት ከአሠሪዋ ቤት ከወጣች መኖሪያ ፈቃዷ ከእሱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ወዲያው ሕገ ወጥ ልትባል ትችላለች። ስልክ ደውሎ ጣፋጭ አማርኛ የሚናገር ሁሉ ጓደኛ አይደለም፤ ደላላም ይደውላል፣ ደላላ የላካትም ሴት ትደውላለች። ስለዚህ ተረኛዋ በምታየው ገጽ ላይ ስልክ ቁጥርና ሰፈር አይውጣ። በሰፈር መፈለግ ትችላለች፣ ሰፈሩን ግን አታነብም። ያን ጊዜ ደግሞ «ሳይዳ የለችም፣ ሌላ ቦታ ናት» ብላ ለደዋዩ እንዳትናገር የገጹ ቃል ራሱ «ይህ ለአንቺ ብቻ» ይበል። ከስሟ አጠገብ አንድ መጫኛ ይኑር፦ «መልእክት ይድረሳት»። የደዋዩን ስምና ቁጥር ትመዘግባለች፤ ቁልፍ የያዙት ሁለት ኃላፊ እህቶች ለምትፈለገው ይደውላሉ፤ መልስ መስጠት አለመስጠት የእሷ ነው።

አንዳንድ እህቶች «እናት ስታለቅስ መልእክት እናደርሳለን ማለት ይከብዳል» ብለውኛል። እውነት ነው፣ ይከብዳል። ለዚህ ነው ከሁለቱ ኃላፊዎች አንዷ ሁልጊዜ፣ ሌሊትም ቢሆን በዋትስአፕ የምትገኝ መሆን ያለባት። የገጹን በር ከፍቶ ከመተው ግን ይህ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሌሎቹን በአጭሩ። ቢያንስ ሁለት ፊደል ካልተጻፈ ገጹ ምንም አያሳይ፤ ባዶውን ሳጥን በመጫን ሁላችንንም መዘርገፍ እንዳይቻል። «ሁሉንም አትሚ» የሚል መጫኛ አይኑር። ማን መቼ ምን ስም እንደፈለገች መዝገቡ ራሱ ይያዝ። ፋይሉ በይለፍ ቃል ይቆለፍ፣ ፍላሽ ላይ ተገልብጦ በቦርሳ አይዙር። ከሁሉ በፊት ደግሞ የማያስፈልገንን አንመዝግብ። የፓስፖርት ቁጥር ለምን ያስፈልገናል? እስካሁን አንድም ሰው በፓስፖርት ቁጥር ፈልጎ የደወለ የለም።

በወረቀት መሞከር

ኮምፒውተሩን ከመንካታችሁ በፊት ገጹን በወረቀት ሳሉት። ሳጥኖቹን በማስመሪያ፣ መጫኛዎቹን በክብ። ከዚያ ኮምፒውተር ነክታ የማታውቅ እህት ጥሩና «ደሴ የተወለደች፣ ማዳሟ ሚሚ የምትላትን ልጅ ፈልጊልኝ» በሏት። በእርሳስ ትሙላ። እናንተ ዝም በሉ። ይህ ዝምታ ነው የሚከብደው፤ እጅ ወደ ወረቀቱ ይሄዳል። ጃኮብ ኒልሰን የሚባል የዚህ ሙያ ሰው በ2000 እንደጻፈው አምስት ሰው ብቻ ብትሞክሩ አብዛኛው እንከን ይወጣል፤ እኔ በሦስት እህቶች ብቻ ነው የሞከርኩት፣ ብዙ አሳዩኝ።

አንዷ «ሪሴት» ከሚለው ቃል ላይ ቆመች፤ «እንደገና ጀምሪ» አልነው። ሌላዋ የአባቷን ስም ነው መጀመሪያ የጻፈችው፣ ሳጥኑ አንድ ስለሆነ አልጎዳትም። ሦስተኛዋ ሞልታ ጨርሳ እርሳሱን እንደያዘች ጠበቀች። ምን እንደምትጠብቅ ስጠይቃት «መልሱን» አለችኝ፤ «ፈልጊ» የሚለውን መጫኛ ከታች በጥግ ደብቄ አይታ አይደለም፣ ትንሽ ነበርና የማስታወቂያ ጽሑፍ መስሏት ነው። አሁን ከሳጥኑ ጎን በትልቁ ተቀምጧል።

የወረቀቱ ገጽ በዚህ ዜና መጽሔት ጀርባ ታትሟል። ቀድዳችሁ በእርሳስ ሞክሩት፣ የቆማችሁበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጋችሁ እሁድ አምጡልኝ። ስማችሁ በመዝገቡ ላይ እናንተ በማትጽፉት ፊደል የተጻፈ እንደሆነ፣ ወይም የምትሠሩበት ቤት የሚጠሩበት ሌላ ስም ካለና እንዲጨመር ከፈቀዳችሁ፣ ለተረኛዋ ንገሯት። ስልክ የቀየራችሁም እንዲሁ።